የሣር አረም መድኃኒት ወንዝ የሚገባው መቼ ነው?

ስንዴ ሣር ነው። ገብስ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝና ሸንኮራ አገዳም ሣር ናቸው። ስናር፣ ሙጃ፣ አሰንዳቦና እንክርዳድም እንዲሁ። ገበሬውን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግሩት አረሞች የሰብሉ የሥጋ ዘመዶች ናቸው ማለት ነው። ስናር ዛላ እስኪያወጣ ድረስ በስንዴ ማሳ ውስጥ ስንዴ መስሎ ይኖራል። ለመለየት ጎንበስ ብሎ ቅጠሉ ግንዱን የሚይዝበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል፤ ስንዴና ገብስ እዚያ ላይ ግንዱን ያቀፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮ መሰል ነገሮች አሏቸው፣ ስናር ግን የለውም። አንድ ሄክታር ሙሉ በዚህ ዓይነት ፍተሻ የሚያርም ሰው ከተገኘ ጉዳዩ እዚሁ ባለቀ ነበር። የሚያርመው ሰው ስለጠፋ ወይም ዋጋው ስለከበደ መድኃኒቱ መጣ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ውኃ ብክለት ለመናገር ነው። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ለምን የተወሰኑ የአረም ማጥፊያዎች ብቻ ደጋግመው እንደሚገኙ፣ በሞቃትና ዝናባማ አገሮችም ነገሩ ለምን እንደሚብስ ለመረዳት መነሻው ይኸው የሣርና የሣር ዝምድና ነው።

ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ከእህል ማሳ ማስወገድ በኬሚስትሪ ዓይን ቀላል ሥራ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ የወጣው ቱ ፎር ዲ የዕፅዋትን የእድገት ሆርሞን ይመስላል፤ ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ሲነካው ያለ ልክ እያደገና እየተጠማዘዘ ይሞታል፣ ሣር ግን ብዙም አይጎዳም። በአገራችንም ለብዙ ዓመታት ከሁሉም በላይ የተለመደው የአረም መድኃኒት ይኸው ነው። ውጤቱ ግን የታሰበው ብቻ አልሆነም። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች በየዓመቱ ሲመቱ ቦታው ለሣሮቹ ተለቀቀላቸው፤ ስናርና ሙጃ በረከቱ። ከዚያ የሣር አረምን የሚመርጡ መድኃኒቶች ማስፈለግ ጀመሩ።

ሣርን ከሣር መካከል ለይቶ መግደል ግን እንዴት ይቻላል? መንገዶቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው ክሎዲናፎፕን የመሰለ መድኃኒት መጠቀም ነው። ይህ ሣሮች ቅባት ለመሥራት የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ይዘጋል። ስንዴንም ይገድል ነበር፤ ስለዚህ ፋብሪካው ለስንዴው ብቻ የሚሠራ መከላከያ ውሕድ ይጨምርበታል፣ ስንዴውም በዚያ እርዳታ መርዙን ፈጥኖ ይሰባብረዋል። በሄክታር የሚረጨው ንጥረ ነገር በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ነው። አንዳንዶቹ አዳዲስ መድኃኒቶች ከዚያም ያነሱ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ የበቆሎና የሸንኮራ አገዳ መንገድ ነው፣ ውኃን በተመለከተም ዋናው ታሪክ ያለው እዚህ ላይ ነው። አትራዚንና ዲዩሮን የሚባሉት መድኃኒቶች ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራበትን ሂደት፣ ማለትም ብርሃን አስተፃምሮን፣ መካከል ላይ ይቆርጡታል። በአብዛኛው የሚረጩት በአረሙ ላይ ሳይሆን በአፈሩ ላይ ነው። የአረሙ ዘር ገና ሲበቅል በሥሩ ይስባቸዋል። ስለዚህ ጥሩ መድኃኒት ለመባል ሁለት ጠባይ ያስፈልጋቸዋል፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት አፈር ውስጥ ሳይበላሹ መቆየትና በአፈሩ እርጥበት ሟሙተው ወደ ሥር መግባት። እንግዲህ ሳይበላሽ የሚቆይና በውኃ የሚሟሟ ነገር ወንዝ ቢገባ ምን ይገርማል? ብክለቱ የመድኃኒቱ ጉድለት አይደለም፤ መድኃኒቱን መድኃኒት ያደረገው ጠባይ ራሱ ነው። መጠኑም ሌላ ነው፤ በሄክታር በግራም ሳይሆን አንድና ሁለት ኪሎ ሊደርስ ይችላል።

ግላይፎሴት ከሁለቱም ይለያል። ያገኘውን ለምለም ሁሉ ይገድላል፣ ሰብልና አረም አይመርጥም፣ አፈር ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከቅንጣቱ ጋር አጥብቆ ይጣበቃል። ተጣበቀ ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። አፈሩ ራሱ ታጥቦ በሚሄድበት አገር ከአፈሩ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የክረምት ወንዞቻችን ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ለሚያውቅ ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

አሁን ወደ ሙቀቱና ወደ ዝናቡ። ስለ ሐሩር አካባቢዎች ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሲነገሩ ይሰማል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ጥቃቅን ተሕዋስያን በርትተው ስለሚሠሩ መድኃኒቱ ከቀዝቃዛ አገር ይልቅ ፈጥኖ ይበላሻል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የሐሩር ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚያወርደው ውኃ ብዙ ስለሆነ መድኃኒቱን ሳይበላሽ ጠርጎ ይወስደዋል የሚለው ነው። የትኛው ያሸንፋል ለሚለው መልሱ በቀኑ ይወሰናል። ከርጭቱ በኋላ የመጀመሪያው ጎርፍ በሦስተኛው ቀን ከመጣና በአርባኛው ቀን ከመጣ፣ አንዱ መድኃኒት፣ በአንዱ ማሳ፣ በተመሳሳይ መጠን ተረጭቶ ፍጹም የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ለዚህም ነው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት የሚዘንብ ከባድ ዝናብ ከሁሉም የሚከፋው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ደረቅ አፈር ላይ ተሕዋስያኑም ሥራ ይፈታሉ። በበጋው መጨረሻ በደረቅ መሬት ላይ የተረጨ መድኃኒት ቀናት ቢያልፉበትም ብዙ ሳይበላሽ ዝናቡን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ይህ ጉዳይ በዓለም ላይ በቅርበት ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ናት። በሰሜን ምሥራቅ ጠረፏ ቱሊ የምትባል የሸንኮራ አገዳ ከተማ አለች። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ስታገኝ ቱሊ 4,000 ገደማ ታገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ 7,900 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበባት፤ ነዋሪዎቹም በዚያው ልክ 7 ሜትር ከ90 የሚረዝም ወርቃማ የዝናብ ቦት ጫማ ሐውልት አቆሙ። ከጠረፉ ማዶ ባሕሩ ውስጥ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግሬት ባሪየር ሪፍ የሚባለው የኮራል ግዛት አለ፤ ኮራል ድንጋይ መሰል ቤት እየሠሩ አብረው የሚኖሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ናቸው። ከማሳዎቹ የሚወርዱ ወንዞች ሁሉ መጨረሻቸው እዚያ ነው።

በዚያ አካባቢ አገዳ የሚቆረጠው ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። ከተቆረጠው ጉቶ አዲስ አገዳ ያቆጠቁጣል፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ሣሩ ይነሣል። ከዋናዎቹ አንዱ ጊኒ ሣር ነው፤ መነሻው አፍሪካ ሲሆን ወደዚያ የሄደውም ለከብት መኖ ተብሎ ነው። (ከእኛ አህጉር ለግጦሽ ተወስደው በሌላው ዓለም አረም የሆኑ ሣሮች ብዙ ናቸው፤ ፓራ ሣር የሚባለው ደግሞ የኩዊንስላንድን ረግረጎች ወርሯል።) ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ትራክተር ማሳ ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ ዘግይቶ የቆረጠ ገበሬ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ለወራት የሚቆይ መድኃኒት አፈሩ ላይ ረጭቶ መግባት። ከእርሻ አንጻር ሲታይ ብልህ ውሳኔ ነው። ከወንዙ አንጻር ግን መድኃኒቱ በብዛት አፈር ላይ የሚተኛበትና ጎርፉ የሚመጣበት ሳምንት አንድ ይሆናል።

ቁጥሩን እዚሁ ላይ እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ኪሎ ግራም ንጥረ ነገር ተረጨ እንበል። ከዚያ ውስጥ መቶኛው ብቻ፣ ማለትም 10 ግራም፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ታጥቦ ወጣ። ለገበሬው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ 99 በመቶው ማሳው ላይ ቀርቶለታል። ጎርፉ በማሳው ላይ ቢዘረጋ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት የሚኖረው ከሆነ ከሄክታሩ የሚወጣው ውኃ 100,000 ሊትር ነው። 10 ግራም በ100,000 ሊትር ሲካፈል በሊትር 100 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ) ይሆናል። ዲዩሮን በኮራሎች ውስጥ በሚኖሩት አልጌዎች፣ ማለትም ጥቃቅን ተክል መሰል ፍጥረታት፣ የብርሃን አስተፃምሮ ላይ ጫና ማሳደር የሚጀምረው ደግሞ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች ነው። ስለዚህ የማሳው ጠርዝ ላይ ያለው ውኃ ቢያንስ መቶ እጥፍ መቅጠን አለበት። ትልቅ ወንዝ ይህን ያቀጥናል። ትንሽ ጅረት ግን አያቀጥንም። በኩዊንስላንድም ከፍተኛ ክምችት ሲመዘገብ የኖረው በእነ ቱሊ ትላልቅ ወንዞች ሳይሆን በማካይ ከተማ አካባቢ እንደ ሳንዲ ክሪክ ባሉ ዙሪያቸውን በአገዳ በተከበቡ ትናንሽ ጅረቶች ነው።

ኮራሉ እንስሳ ነው፤ የአረም መድኃኒት በቀጥታ አይመለከተውም ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ምግቡን የሚያገኘው በአካሉ ውስጥ ከሚኖሩት አልጌዎች ነው፣ አልጌው ደግሞ ብርሃንን የሚጠቀምበት መሣሪያ ከሣሩ መሣሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ዱጎንግ የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ የሚግጠው የባሕር ሣርም እንደዚሁ። ለፍትሕ ያህል መባል ያለበት፣ የዚያን የኮራል ግዛት ከሁሉም በላይ እየጎዳው ያለው የባሕሩ መሞቅ ነው፤ መድኃኒቱ በሙቀት ለተዳከመው አካል ተጨማሪ ሸክም ነው።

መንግሥት ምን አደረገ? የኩዊንስላንድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ አትራዚን፣ ዲዩሮን፣ አሜትሪንና ሄክሳዚኖን በአገዳ ማሳ ላይ የሚረጩበትን ሁኔታ ወሰነ። የአውስትራሊያ የፀረ ተባይ ተቆጣጣሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ዲዩሮን በዝናቡ ወራት በሐሩር ሰብሎች ላይ እንዳይረጭ ለጊዜው ከለከለ፤ በ2012 ግምገማውን ሲጨርስም ብዙ አጠቃቀሞችን ሰረዘ፣ መጠንን ቀነሰ። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር የቀን መቁጠሪያውን የሕግ አካል ማድረጋቸው ነው። «ይህን ያህል ብቻ ርጩ» ከማለት ባሻገር «በእነዚህ ወራት አትርጩ» አሉ።

ከዚያ የሆነው ግን የሚጠበቅ ነበር። ገበሬዎቹ ወደ ሌሎች መድኃኒቶች ዞሩ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢማዛፒክና ሜቶላክሎር በወንዞቹ ውስጥ በብዛት መታየት ጀመሩ። ተቆጣጣሪዎቹም መለኪያቸውን ቀየሩ። ድሮ የሚቆጥሩት በዓመት ስንት ኪሎ መድኃኒት ባሕር ገባ የሚለውን ነበር፤ አሁን የሁሉንም መድኃኒቶች ድምር ጉዳት ወስደው፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ቦታ ቢያንስ 99 በመቶ የሚሆኑት የውኃ ፍጥረታት ከጉዳት የተጠበቁ መሆን አለባቸው የሚል ግብ አስቀምጠዋል። አንዱን ስም በሌላ ስም እየተኩ ማምለጥ እንዳይቻል ነው።

«ውኃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም፣ መልሱም አደናጋሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለማንኛውም አንድ ፀረ ተባይ በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚፈቅደው በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አትራዚንንም ያገደው የከርሰ ምድር ውኃው ከዚህ በላይ ሆኖ ስለተገኘ ነው። በአሜሪካ ለአትራዚን የተቀመጠው ወሰን 3 ማይክሮግራም ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ 100 ይላል። በአንድ ንጥረ ነገር ላይ የሺህ እጥፍ ልዩነት! ሦስቱም ዓላማቸው ይለያያል። የአውሮፓው ወሰን «የመጠጥ ውኃ ውስጥ ፀረ ተባይ መኖር የለበትም» ከሚል መርሕ የተነሣ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅቱ ደግሞ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጠጣው ጉዳት ያመጣል ከሚባለው መጠን ተነሥቶ የተሰላ ነው። ሁለቱም ግን ስለ አልጌ አይጠይቁም። ለሰው የተፈቀደ ውኃ ለሐይቅ አልጌ መርዝ ሊሆን ይችላል፣ ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ አልጌ ይበላል።

ወደ አገራችን ስንመጣ የቀኑ ጉዳይ ይበልጥ ይጠብባል። ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ የሣር አረም መድኃኒቱ የሚረጨው ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ አረሙ ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ሲኖሩት ነው። ይህም የክረምቱ ዝናብ የሚከብድበት ጊዜ ነው። ገበሬው እንደ ኩዊንስላንዱ ከዝናቡ በፊት ወይም በኋላ ልሁን የሚልበት ምርጫ የለውም፤ ዝናቡ ውስጥ ነው። በአርሲ ተራሮች ሥር ያለው የስንዴ ማሳ የሚጥለውን ውኃ የከታር ወንዝ ተቀብሎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያደርሰዋል። እንዳልኩት የስንዴ መድኃኒቶች መጠናቸው ትንሽ ስለሆነ ከአገዳና ከበቆሎ መድኃኒቶች እኩል ማስፈራራት ልክ አይደለም። ይሁን እንጂ በሄክታር በሃያ ግራም ሙጃን የሚገድል ነገር ውኃ ውስጥም በጥቂቱ ሊሠራ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም። የሸንኮራ አገዳው ጉዳይ ደግሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከወንጂ አንሥቶ እስከ መተሐራ ድረስ የአዋሽ ጉዳይ ነው፤ አገዳ የሚያጠጣው ወንዝ ከታች ለአርብቶ አደሩም ለከብቱም መጠጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ከርጭት በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ዝናብ እንዳይመታው ያሳስባል። ገበሬውም ሰማዩን አይቶ፣ ጠዋት ረጭቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቢዘንብ መመሪያውን ጠብቄአለሁ ይላል፤ ልክ ነው፣ ጠብቋል። ነገር ግን ያ መመሪያ የሚያወራው መድኃኒቱ በቅጠሉ ውስጥ እስኪገባ ስለሚፈጀው ጊዜ ነው። ገንዘብህ እንዳይታጠብ ነው የሚጠነቀቅልህ። አፈር ላይ ያረፈውና ያልገባው መድኃኒት ለወንዙ ስጋት መሆኑ የሚቀንሰው በሰዓታት ሳይሆን በሳምንታት ነው።

ጥቁር አፈር ላይ ሌላ መንገድም አለ። ዋልካ መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ ስለሚቆይ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በአፈሩ ውስጥ ተጣርተው ሳይሆን በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከዘር በፊት ሣር ለማድረቅ የተረጨ መድኃኒት ካለ አብሮ ይወርዳል። የበጋ ስንዴ ላይ ደግሞ ዝናብ ባይኖርም ከማሳው ጫፍ የሚተርፈው የመስኖ ውኃ የት እንደሚጣል ማየት ያስፈልጋል።

ከጎርፉ ሁሉ በላይ በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ብክለት ግን የጀርባ መርጫ እጥበት ነው። ቱ ፎር ዲ ብዙ ጊዜ በሊትር 720 ግራም ሆኖ ይሸጣል። አንድ ሊትሩ በ200 ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ 3.6 ግራም አለ። መርጫው ውስጥ የቀረው ግማሽ ሊትር 1.8 ግራም ይይዛል ማለት ነው። ይህ ጅረት ውስጥ ቢደፋ 1.8 ሚሊዮን ሊትር ውኃን በሊትር ወደ 1 ማይክሮግራም ያደርሰዋል፤ በአውሮፓው ወሰን ከሄድን 18 ሚሊዮን ሊትር። አንድ ሰው፣ አንድ መርጫ፣ አንድ እጥበት። የሚሻለው ቀሪውን በንጹሕ ውኃ አቅጥኖ እዚያው ማሳ ላይ ረጭቶ መጨረስ ነው፤ ተሕዋስያኑ ያሉት አፈሩ ውስጥ ነውና። በአገሪቱ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ፤ ጅረት ዳር መርጫ የሚያጥበውን ሰው ግን አዋጅ ሳይሆን የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው የሚያገኘው።

በማሳና በወንዝ መካከል የሚተው የሣር ቀበቶ፣ ቬቲቨርም ይሁን ሌላ፣ ይረዳል። የሚይዘው ግን አፈር ላይ የተጣበቀውን ነው፤ ግላይፎሴትን ደህና አድርጎ ሲያስቀር በውኃ የሟሟውን አትራዚን በብዛት ያሳልፈዋል። ቤት ውስጥም ውኃ ማፍላት ወይም ውኃ አጋር መጨመር ጀርሞችን እንጂ አትራዚንን አያስወግድም፤ ለዚያ የሚያገለግለው አክቲቭ ካርቦን የሚባለው፣ ኬሚካሎችን ይዞ የሚያስቀር ልዩ ከሰል ነው። ሰብል ማፈራረቅ ከሁሉም ያነሰ ወጪ አለው። ስንዴ በነበረበት ላይ ባቄላ ሲዘራ የሥጋ ዝምድናው ይቋረጣል፤ ስናሩ ከባቄላ መካከል በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይነቀላል።

«እንግዲያው መድኃኒቱን ተዉት» ለሚሉ፣ አረም ማረም በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ጉልበት እንደነበር ላስታውስ። ያ ድካም ይመለስ ማለት ከከተማ ሆኖ ቀላል ነው።

በመጨረሻ ስለ ልኬት። የወንዝን ውኃ በወር አንድ ጊዜ፣ ጠራ ባለ ቀን፣ በጠርሙስ ቀድቶ ላብራቶሪ የሚልክ ሁሉ ውኃው ንጹሕ ነው የሚል ውጤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። መድኃኒቱ የሚያልፈው በጎርፉ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ኩዊንስላንዶች ለዚህ ብለው ወንዙ ከፍ ሲል ሌሊትም ቢሆን በራሱ የሚቀዳ መሣሪያ ዳርቻው ላይ ተክለዋል። በከታር ወይም በአዋሽ ላይ ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ቀለሙ በተቀየረበት ሌሊት ጠርሙስ ይዞ የሚወርድ ደመወዝተኛ ያስፈልጋል።